ስልኩን ስጪው፤ ዝም ብሎ የሚታይ ቪዲዮ ግን አይሁን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የስድስት ዓመት ልጅሽ እግሩ በፈላ ሻይ ተቃጥሎ እዚያ ሐረር በየሁለት ቀኑ ፋሻ ይቀየርለታል። ስልክ ስትሰጪው ይረጋጋል። ባለቤትሽ ደግሞ «ልጁን እያታለልሽው ነው እንጂ ሕመሙ የትም አልሄደም» ይልሻል። ድሬዳዋ ላይ አሥራ አራት ዓመት ቁስል ሳጥብና ፋሻ ስቀይር የኖርኩ ነርስ ስለሆንኩ ያየሁትን ልንገርሽ። ባለቤትሽ ተሳስቷል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም።

ሥራ ስጀምር እኔም እንደ እርሱ ነበር የማስበው። ልጅ ሲያለቅስ «ቶሎ እንገላግለው» ብለን እጅና እግሩን ይዘን እንሠራለን። ሌላ መንገድ እንዳለ ያስተማረኝ ጭኑ የተቃጠለ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ፋሻው ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ነበርና በጨው ውኃ እያራስኩ ጠርዙን በመቆንጠጫ ቀስ እያልኩ አነሳለሁ። እናቱ ራሱን ደረቷ ላይ አስጠግታ «አይዞህ፣ አልቋል፣ አያምህም፣ አይዞህ» ትለዋለች። ልጁ ቁስሉን አያይም፤ የሚያየው የእርሷን ፊት ነው። ፊቷ በተጨማደደ ቁጥር ገና ሳልነካው ይጮሃል።

የክፍሉ መስኮት ወደ አስፋልቱ ነበር። ነገሩ ሲቸግረኝ «እስቲ ባጃጅ ቁጠርልኝ» አልኩት። «ባጃጅ ሲያልፍ አንድ ጨምር፤ የጭነት መኪና ሲያልፍ ሁለት ቀንስ።» መጀመሪያ እያለቀሰ ቆጠረ። ትንሽ ቆይቼ ሆን ብዬ ተሳሳትኩና «ስምንት ደረስን!» አልኩ። ዘወር ብሎ በንቀት አየኝ። «ስድስት ነው! አይሱዙዋን ረሳሻት!» አለኝ። (የድሬ ልጅ አንቱታ አያውቅም፤ ይሁን።) ይህን ሲለኝ ግማሹ ፋሻ ተላቆ እጄ ውስጥ ነበር።

ታዲያ ልጁ ተታለለ? አልተታለለም። ሕመም ከቁስሉ ተነሥቶ እንዳለ አንጎል ዘንድ የሚደርስ ዕቃ አይደለም፤ መንገድ ላይ ይቀነሳል፣ ይጨመራል። ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሕብለ ሰረሰር (በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ) ውስጥ የሕመሙን መልእክት የሚያሳልፍና የሚገታ እንደ በር ያለ ነገር እንዳለ፣ አንጎልም ከላይ ሆኖ በሩን ሊያጠብበውና ሊያሰፋው እንደሚችል አስረዱ። ዝርዝሩ ከዚያ ወዲህ ብዙ ታርሟል፤ ዋናው ሐሳብ ግን እስካሁን አለ። ለሐረር ሰው ስለ በር ማስረዳት የእኔ ፋንታ አይደለም፤ የግንብ አጥራችሁ ጁገል አምስት በር ያበጀችው ማንም እንዳሻው ገብቶ እንዲወጣ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የሃምቡርግ ተመራማሪዎች የፈቃደኞችን ክንድ በሚያሳምም ሙቀት እየነኩ፣ አንዴ ቀላል አንዴ ከባድ የማስታወስ ሥራ ሰጧቸው። ሥራው ሲከብድ ሕመሙ ቀነሰ። ከዚያም በላይ፣ በምስል ሲታይ እዚያው ሕብለ ሰረሰሩ ውስጥ ለሕመሙ የሚሰጠው ምላሽ ራሱ ቀንሶ ተገኘ። ሞርፊን የተባለውን ኃይለኛ ማስታገሻ የሚያከሽፈውን መድኃኒት ሲሰጧቸው ደግሞ የማስታገሱ ውጤት በ40 በመቶ ያህል ወረደ። ስለዚህ ቀልባችን ሌላ ቦታ ሲጠመድ ሰውነታችን የራሱን ማስታገሻ ያመነጫል ማለት ነው። ይህን ለባለቤትሽ አንብቢለት።

አሁን ወደ ስልኩ። ሥራው መክበዱ ለውጥ እንዳመጣ ልብ በይ። ቪዲዮ ተከፍቶለት የሚያይ ልጅ ዓይኑ እዚያ ቢሆንም ቀልቡ በከፊል ነፃ ነው፤ መቆንጠጫው ሲነካው ቶሎ ሊመለስ ይችላል። ራሱ የሚጫወተው ጨዋታ ግን ቀልቡን ይይዘዋል። አሜሪካ፣ ሲያትል ውስጥ የተቃጠሉ ሰዎች ቁስላቸው ሲታጠብ የኮምፒውተር ጨዋታ የሚያሳይ መነጽር ያደርጉና በረዶ በሞላበት ዓለም ውስጥ እየበረሩ የበረዶ ኳስ ይወረውራሉ። ብዙዎቹ ሕመማቸው እንደቀነሰ ተናግረዋል። ለድሬ ልጅ በረዶ ከተረት የሚቆጠር ነው፤ ለእኛ ባጃጁ በቂ ነው።

«አያምህም» የሚለውን ቃል ግን ተዪው። ያመዋልና። እናት ደጋግማ ስታባብል ልጁ «የሚያስፈራ ነገር አለ ማለት ነው» ብሎ ይረዳዋል። «ትንሽ ይለበልብሃል፤ እስከዚያ ይህን ደረጃ እለፍልኝ» በይው። ደግሞም ጠይቂው፤ አንዳንዱ ማየት ይፈልጋል። ፊቷን ወደ ግድግዳ ስናዞርባት የምትንቀጠቀጥ፣ ቁስሏን እያየች ግን ጸጥ የምትል ሴት አክሜ አውቃለሁ።

የባለቤትሽ ነገር ትክክል የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ወገባቸውን ለዓመታት የሚያማቸው አንድ የባቡር ጡረተኛ ነበሩ። እዚህ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ዳማ ይጫወታሉ። «ዳማ ላይ ስሆን ወገብ እንዳለኝም አላውቅ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳይነሡ፣ ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጠው፣ ማታ ዕዳውን ከነወለዱ ይከፍላሉ። ወገባቸው «ተነሥ» ብሎ ቢጣራም የሚሰማው አልነበረም። በኋላ ሁለት ጨዋታ ባለቀ ቁጥር ተነሥተው ጥቂት መራመድ ጀመሩ፤ ዳማውን አላስተውኳቸውም። ቀልብን መያዝ ለሃያ ደቂቃ ፋሻ መቀየር ግሩም ነው፤ ለዓመታት ሕመም ብቻውን አይበቃም።

ለልጅሽም እንደዚሁ። ጨዋታው በማስታገሻ መድኃኒት ቦታ አይግባ። ሐኪሙ ያዘዘለት የሚዋጥ ማስታገሻ ካለ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይውሰድ፤ እዚያ ደርሶ ቢውጠው ሥራ ሳይጀምር ፋሻው ተቀይሮ ያልቃል። ካላዘዘለት ጠይቂ፤ አትፈሪ። ሕመሙ በየቀኑ መቀነስ ሲገባው ከጨመረ፣ ካተኮሰው፣ ቁስሉ ከሸተተ ወይም ዙሪያው እየቀላ ከሄደ ደግሞ ስልኩን አስቀምጪና የዚያኑ ቀን ለሐኪም አሳዪው። ያን ሕመም ማስረሳት ሳይሆን መስማት ነው የሚያስፈልገው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከቤት ስትወጡ ስልኩ ቻርጅ መደረጉን እዪ። አንድ ጊዜ ፋሻው ግማሽ ላይ ሳለ የአንዱ አባት ስልክ ድርግም አለ። አባትየው ደንግጦ ኪሱን ሲዳብስ ልጁ ፊቱን አየው፤ ጩኸቱ እስከ ካርድ ክፍል ተሰማ።