በቡርጎኝ የወይን ማሳ በሳይክል፦ መኪናውን አትፍሪ፣ የኪራይ ውሉን ፍሪ

እህቴ፣ «ከባለቤቴና ከልጄ ጋር ፈረንሳይ ውስጥ መኪና የማይበዛበት፣ ጸጥ ያለ የወይን አገር በሳይክል መዞር እንፈልጋለን፤ ከየት እንጀምር፣ ምን እንጠንቀቅ?» ብለሽ ነው የጠየቅሽው። ከላይ የመለሱልሽ ሰዎች ስለ ሳይክል ሱሪና ስለ ጫማ ነው የሚከራከሩት። እሱን ተዪው፣ ባለሽ ልብስ ትሄጃለሽ። ያው እንደኛ ከጀርመን ነው የምትነሺው ብዬ ልቀጥል።

1. ቡርጎኝ ሂጂ፣ በቃ። አልዛስ ይቀርባል፣ ከማርለንሃይም እስከ ታን የሚወርድ የወይን ማሳ የሳይክል መንገድም አለው። ግን ወጣ ገባ ነው፤ ከልጅ ጋር ያደክማል። ቡርጎኝ ላይ ከቦን ትነሻለሽ (የጀርመኑ ቦን አይደለም፣ ዲዦን አጠገብ ያለው ነው) እና ፖማር፣ ቮልኔ፣ መርሶ፣ ፑሊኚ፣ ሻሳኝ እያልሽ ሳንትኔ ትገቢያለሽ። 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ የገበሬዎቹ የማሳ መንገድ ነው፤ ግራና ቀኝ ዝቅ ያለ የድንጋይ ካብ፣ ከካቡ ወዲያ ወገብ የሚደርስ ወይን። የሚያጋጥምሽ ትራክተር ነው። እሱም የኛን አገር ትራክተር አይመስልም፤ እግሮቹ ረጃጅም ናቸው፣ የወይኑን ረድፍ በመሃል አሳልፎ ከላይ ነው የሚሄደው። ሲመጣ ቁሙና አሳልፉት፣ ሠራተኛው እጁን ያነሳላችኋል። መስከረም ገደማ ለቀማ ላይ ከሄዳችሁ ግን ትራክተሩም ሠራተኛውም ስለሚበዛ ጸጥታውን እርሺው።

ፑሊኚና ሻሳኝ መሃል ሞንራሼ የሚባለው ማሳ አለ። ስፋቱ 8 ሄክታር ገደማ ብቻ ነው፣ ነጭ ወይን ነው የሚወጣው፣ የአንድ ጠርሙስ ዋጋ ግን የአንድ ወር የቤት ኪራይ ሊያህል ይችላል። አጥሩን ልጅ ይዘለዋል። ልጅሽ ዘለላ እንዳትቀጥፍ እጇን ያዢ፤ የኔዋ ዘርግታ ነበር።

2. ሳንትኔ ስትደርሺ አትመለሺ። ቦዩን (ካናል ዱ ሳንትር ይሉታል) ይዘሽ በሻኚ በኩል ሻሎን ድረስ ውረጂ፤ ሜዳ ነው፣ ውሃ ውሃውን ነው። ከሻሎን ዢቭሪ ቅርብ ነው። እውነተኛው ነገር የሚጀምረው እዚያ ነው። ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ 44 ኪሎ ሜትር፣ መኪና ዝር የማይልበት መንገድ ነው። የድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር፤ ሐዲዱን ነቅለው አስፋልት አነጠፉበትና እ.ኤ.አ. በ1997 ለሳይክልና ለእግረኛ ከፈቱት። ፈረንሳይ ውስጥ የዚህ ዓይነት መንገድ የመጀመሪያው ነው። ባቡር ደግሞ ዳገት አይወድም፣ ስለዚህ ከፍታው ብዙም አይሰማሽም። ባለቤቴ የባሕር ዳር ልጅ ናት፣ ሳይክል ለሷ ብርቅ አይደለም። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ሳይክል የምናውቀው በሰዓት ተከራይተን ነው። ክሉኒ ድረስ ጀርባዋን እያየሁ ገባሁ። ይቺን እስከዛሬ ለሰው ሁሉ ታወራለች።

መሃል ላይ ቡክሲ በምትባል መንደር የወይን ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ስላለ የወይን ቅምሻው ቀላል ነው። በነፑሊኚ ግን ትንንሾቹ አምራቾች ብዙዎቹ ያለ ቀጠሮ በር አይከፍቱም፤ ቀድመሽ ደውዪ። ቴዜም በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ከመንገዱ ወጣ ብሎ አጭር ግን ቀጥ ያለ ዳገት አለው፣ ሳይክሉን እየገፋችሁ ውጡ። ብራዘር ሮዤ እ.ኤ.አ. በ1940 የጀመረው ገዳም ነው፤ ከየአገሩ የመጣ ወጣት መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አንዲትን መስመር ደጋግሞ ይዘምራል። እኛ ለአፍታ ብለን ገብተን ሰዓቱ ሄደብን።

ከክሉኒ ወደ ማኮን ስትወርዱ ቡዋ ክሌር የሚባል ዋሻ አለ፣ 1.6 ኪሎ ሜትር። ነሐሴ ላይ ውጪው እሳት ሲሆን ውስጡ ፍሪጅ ነው፣ ጃኬት ከላይ አድርጊ፣ መብራትም ይኑራችሁ። በአውሮፓ ክረምት፣ በብርዱ ወራት ማለቴ ነው፣ ለሌሊት ወፎች ሲባል ይዘጋል፤ ያን ጊዜ በተራራው ላይ ነው የምትዞሩት። ክሉኒ የባቡር ጣቢያ የለውም፣ ስለዚህ ማኮን ድረስ ሂዱና በክልሉ ባቡር ሳይክሉን ጭናችሁ ቦን ተመለሱ።

3. የራሳችሁን ሳይክል ከጀርመን ይዛችሁ አትሂዱ። ፈጣኑ ባቡር ለሳይክል ያለው ቦታ ጥቂት ነው፣ ቀድመሽ ካልያዝሽ አታገኚም። እዚያው ተከራዩ። እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር መጣሁ፤ ቁጥሩንም እዚህ ላይ ተውኩት።

የተከራየንበትን ሱቅ ስሙንም ከተማውንም አልጽፍም፣ ነገር አልፈልግም። ስንገባ ባለቤቴ ቦንዡር አለች፣ እኔም አልኩ፣ መልስ የለም። ሰውየው በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ውል ገፋ አደረገልን፣ ካርድ ተቀበለ፣ ለእያንዳንዱ ሳይክል 300 ዩሮ ማስያዣ ያዘ፣ «ቶሎ፣ ቶሎ፣ ሰው አለ» አለ። ከኋላችን ማንም አልነበረም። (የጀርመኑን ጂሮካርድ ብቻ ይዘሽ እንዳትሄጂ፤ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ነው የሚጠይቁሽ።)

ስንመልስ ከኛ ፊት ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። የነሱን ሳይክል ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ተቀበለ። እኛ ጋ ሲደርስ ባትሪ አወጣ። ተንበረከከ፣ የፊት ቸርኬውን አሽከረከረ፣ ካቴናውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ፣ መጨረሻ የልጄ ሳይክል ላይ የፊት ጎማውን የያዘው ብረት ላይ የክብሪት እንጨት የምታህል ጭረት አገኘ። «ይቺ አልነበረችም፣ 180 ዩሮ» አለ። ጎንበስ ብዬ ሳያት ውስጧ ዝጓል! ዝገት ደግሞ በአንድ ሌሊት አያድርም። ይህን በእንግሊዝኛም በጀርመንኛም በተሰባበረ ፈረንሳይኛም አስረዳሁት። ትከሻውን ነቀነቀና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ባቡር ላይ ተናድጄ ፎቶ ሳይ ነው ያገኘሁት። ሳይክሉን ስንረከብ ከሱቁ በር ላይ ልጄ ሳይክሏ ላይ ተቀምጣ፣ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ አንስቻት ነበር። ፎቶውን ሳሰፋው ጭረቷ ከጫማዋ ኋላ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ሰዓቱም ቀኑም አለ። ለሱቁ በአደራ ደብዳቤ፣ የመቀበያ ማረጋገጫ ባለው፣ ላክሁ። ዝም አሉ። ከዚያ ኬል (ጀርመን ውስጥ፣ ፈረንሳይ ድንበር ላይ ያለች ከተማ ናት) ያለው የአውሮፓ የሸማቾች ማዕከል ጋ አመለከትኩ። ጀርመን ነዋሪ ሆነሽ ሌላ የአውሮፓ ኅብረት አገር ያለ ነጋዴ ሲበድልሽ የሚያግዝሽ እሱ ነው፣ በነፃ። የፈረንሳዩም ማዕከል እዚያው ኬል ነው ያለው፣ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። 180ው ዩሮ ሳንቲም ሳይጎድል ተመለሰ። ባለቤቴ «ተወው፣ ለአንድ ጭረት» ስትል ነበር፤ አሁን ለጓደኞቿ «እኛ እኮ አስመለስን» ነው የምትለው።

ስለዚህ አንቺ ስትረከቢ ሳይክሉን ዙሪያውን ቪዲዮ አንሺ፣ ብረቱ ላይ የተመታውን መለያ ቁጥር ጨምረሽ። ያየሽውን ጭረት ሁሉ ውሉ ላይ ሳያሰፍር አትፈርሚ። ቢጣደፍ ይጣደፍ።

ሌላው ጥቃቅን ነው። ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሄልሜት ግዴታ ነው፣ አለዚያ ትልቁ ሰው 135 ዩሮ ይቀጣል። የመጠጥ ሕጉ ሳይክል ነጂንም ይይዛል፣ ስለዚህ ቅምሻውን ወደ ማታ አድርጉት። ውሃ ሲያልቅባችሁ መቃብር ቦታ ግቡ፤ ቧንቧ አለ፣ ፈረንሳዮቹም ከዚያ ነው የሚቀዱት። እኔ መጀመሪያ ላይ ቀፎኝ ነበር፣ ጥም አስለመደኝ። ምሳ በነሱ አቆጣጠር ከ14 ሰዓት (በኛ ከቀኑ 8 ሰዓት) ካለፈ ምግብ የሚሰጥሽ የለም። ጿሚ ከሆንሽ ደግሞ ፍልሰታ ላይ እንዳትሄጂ! እኛ በዚያው ጾም ገጠመን። አገሩ ቅቤና ክሬም ነው፣ ቀንድ አውጣውን እንኳ በቅቤ ነው የሚያበስሉት። ዳቦ፣ ቲማቲምና የታሸገ ምስር ሰላጣ እየበላን ነው የከረምነው፤ ቅዳሜ የቦን ገበያ ነው ያተረፈን።

ለሱቁ የጻፍኩት ደብዳቤ አለኝ፣ ፈረንሳይኛውን ኮንጎዊው ጎረቤቴ አርሞልኛል። ካስፈለገሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ስምና ቀን ብቻ ነው የምትቀይሪው።