በክረምት የሚጣበቅ በር

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለው ቤታችን የዋንዛው በር ክረምት በገባ ቁጥር መቃኑ ላይ እየተጣበቀ አልዘጋ ይለናል። አሁኑኑ ላስልገው?

መልስ፦ አሁን አያስልጉት! እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ በወርዱ አብጧል፤ ዛሬ ቢላግ በበጋ ሲደርቅ ክፍተቱ ይሰፋል። መጀመሪያ የላይኛውን ማጠፊያ ብሎኖች ያጥብቁ፤ እሱ ሲላላ በሩ ይዘማል። ብሎኑ የማይነክስ ከሆነ ቀዳዳው ውስጥ ኮላ የተቀባ የእንጨት ስንጣሪ ይክተቱ፤ ሲደርቅ ብሎኑን መልሰው ያጥብቁት። አሁንም የሚነካ ቦታ ካለ በእርሳስ ምልክት ያድርጉበትና ኅዳር ላይ እሱን ብቻ ይላጉ፤ ከመቃኑ 3 ሚሊ ሜትር ቢርቅ ይበቃል። ከዚያ ስድስቱንም ገጽ ቫርኒሽ ይቀቡ። የላይና የታች ጠርዙ ብዙ ጊዜ ሳይቀባ ይታለፋል፤ እርጥበት በፍጥነት የሚገባው ግን በዚያው፣ የቋሚዎቹ እንጨቶች ጫፍ በተቆረጠበት በኩል ነው።