የባቡር ሥራው ይቅርብኝ ወይስ ልያዘው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የአዳማ ነዋሪ ነኝ፤ 27 ዓመቴ ነው። በኤሌክትሪክ ዲፕሎማ አለኝ። አሁን ለባቡር አሽከርካሪነት ሥልጠና ተመርጬ ውል እንድፈርም ተጠርቻለሁ። ሥራው ቀንና ሌሊት በፈረቃ ነው፤ ሰንበት የለውም፤ ድሬዳዋ ማደርም አለው። ከባለቤቴ ጋር በተክሊል ከተጋባን ገና አራት ወራችን ነው፤ እሷ ፈርታለች። «ሰንበት የሚያሽር እንጀራ በረከት የለውም» ያሉኝ ወንድሞችም አሉ። ጾሙንስ እንዴት አደርጋለሁ? የወር የሚካኤል ጽዋም አለብኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሰንበቱን ላስቀድም፤ ቀላሉ እሱ ነውና። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ላይ በሰንበት ጉድጓድ ስለገባችው በግ ብቻ አልተናገረም። ካህናት በቤተ መቅደስ ሲሠሩ ሰንበትን እንደሚሽሩ፣ ግን በደል እንደሌለባቸውም አስተምሯል። በትንሣኤ ሌሊት መብራት እንዳይቋረጥ ሥራ ላይ የሚያድር ሰው አለ። ማዋለጃ ክፍል የምታድር ነርስም አለች። ታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ የሚሄደውን ምእመን የሚያደርሰውም በዓሉን መሪ ላይ ሆኖ ነው የሚያሳልፈው። አዳማ ራሷ በባቡር ጣቢያ ዙሪያ ያደገች ከተማ ናት። የድሮው ባቡር አዲስ አበባ ከገባ ከ1917 እ.ኤ.አ. ወዲህ የባቡር ሠራተኛ በዚህች ከተማ ሲቆርብም ሲናዘዝም ኖሯል። በተራህ እሑድ ብትነዳ ሰንበት ሻረ አትባልም።

የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለማንኛውም ሠራተኛ በሳምንት ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል። እንደ ትራንስፖርት ባለ ሥራ ግን ዕረፍቱ በእሑድ ፋንታ ሌላ ቀን ሊውል ይችላል። በዚያ የዕረፍት ቀን ለሠራ ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ለሠራ ሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈለዋል። ፈተናው ያለው እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ላይ የተጻፈልህን እሑድ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ የጓደኛህን እሑድ ለምነህ መግባት ሌላ ነገር ነው። ከዓመት በኋላ «ባቡሩ ሰንበቴን በላብኝ» የሚሉ ብዙዎች፣ ቢቆጥሩት ግማሹን ራሳቸው የሸጡት ነው። ስለዚህ ለንስሐ አባትህ «ሰንበት እሠራለሁ» ብለህ በጅምላ አትናዘዝ። በወሩ ስንት እሑድ ታዘህ፣ ስንት እሑድ ደግሞ ፈልገህ እንደገባህ ለይተህ ንገራቸው።

አሁን ስላልጠየቅኸኝ ነገር፣ ስለ እንቅልፍ። መንፈሳዊ ጉዳይ የማይመስለው ሰው አለ። የጭነት ባቡር ሺህ ቶን እና ከዚያ በላይ ይጎትታል፤ ፍሬን ከተያዘ በኋላም ወዲያው አይቆምም፣ መቶዎች ሜትር ይነጉዳል። መሪ የለውም፤ ከፊቱ ለቆመ ሰው ወይም ከብት ዘወር አይልም። የሰው ንቃት ደግሞ ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ እጅግ ዝቅ ይላል፤ ዓይን ተገልጦ እንኳ አእምሮ ለጥቂት ሰከንድ ይተኛል። ስለዚህ በግልጽ ልንገርህ፦ ሌሊቱን ማኅሌት ቆመህ አድረህ ጠዋት ባቡር መንዳት ትጋት አይደለም፤ «አትግደል» ከሚለው ትእዛዝ ጋር የሚያጋጭ ነው። ማኅሌቱን በዕረፍት ቀንህ ዋዜማ ቁም። በሥራ ዋዜማ ኪዳን አድርሰህ፣ ጸሎትህን አሳጥረህ፣ መጋረጃ ጋርደህ ተኛ። ቀን የሚተኛ ሰው ቤት ዘመድ «ተኝተሃል እንዴ?» እያለ ይገባል፤ ይህን ከእናትህ ጀምረህ ከወዲሁ አስረዳ።

በመንገድ ላይ ጸሎት መጽሐፍ አይገለጥም፤ በጆሮ ማዳመጫ መዝሙርም አይሰማም። በቃል የያዝከው ይበቃል። ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት በመጽሐፍ ማድረስ ባትችል፣ ባቡሩ ቆሞ ተራ ሲጠብቅ አንድ «አቡነ ዘበሰማያት» ከ«በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» ጋር አድርስ። ተራ መጠበቅ ደግሞ አይቀርም። ሐዲዱ እስከ አዳማ ድርብ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ወደ ምሥራቅ ነጠላ ስለሆነ አንዱ ባቡር ሌላውን በጣቢያ ቆሞ ያሳልፋል። ከብት ወይም ግመል ከተገጨ ደግሞ መዘግየቱ ሌላ ነው። ለባለቤትህ «12 ሰዓት እደርሳለሁ» ብለህ ቃል አትግባ።

ጫት። መስመሩ የሚያልፍበትን አገር ታውቃለህ፤ በሌሊት ፈረቃ «ንቃት ይሰጣል» ተብሎ ይቀርብልሃል። ድካሙን አያወጣውም፤ ይሸፍነዋል። ከሥራ ስትወጣ ምርቃናው እንቅልፍህን ይወስዳል፣ በማግሥቱ ያልተኛ ሰው ሆነህ ትገባለህ፣ ያኔ የሚያነቃህ ያው ጫት ይሆናል። በሁለት ወር ውስጥ ያለሱ መቀመጫው ላይ መቆየት ያቅትሃል። የመጀመሪያውን ቀን «አልቅምም» በል፤ በሦስተኛው ወር ማለት ይከብዳል።

ጾሙን በተመለከተ፣ የሌሊት ፈረቃ ከምትፈራው በታች ነው የሚያስቸግርህ። ማታ 12 ሰዓት የሚገባ ሰው ረቡዕና ዓርብን እስከ 9 ሰዓት ጾሞ፣ በልቶና ጠጥቶ ይገባል። አስቸጋሪው ከጠዋት 12 እስከ ማታ 12 በዐቢይ ጾም፣ በመተሐራና በአዋሽ ሙቀት መንዳቱ ነው። ውኃ ያልጠጣ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ትኩረቱ ይበተናል። ይህን ለንስሐ አባትህ ከጾሙ መግቢያ በፊት ከነሰዓቱ አስረዳ። አብዛኛውን ጊዜ አባቶች ሰዓቱን ያሳጥሩልሃል እንጂ ጥሉላቱን አይፈቅዱልህም፤ ያሳጠሩልህንም በምጽዋት ወይም በዕረፍት ቀንህ በስግደት ትተካለህ። ራስህ ለራስህ ግን አትፍቀድ። ስንቅህን ከቤት ያዝ። የሽሮ ፍርፍር በዚያ ሙቀት እኩለ ቀን ሳይደርስ ይኮመጥጣል። በሶ፣ ቆሎ፣ ደረቅ ቂጣ፣ ቴምርና ቢያንስ ሁለት ሊትር ውኃ ይሻላል። በማደሪያው የጾም ምግብ ላይኖር ይችላል፤ ተርቦ የደረሰ ሰው ያገኘውን ይበላል።

በተክሊል ስለተጋባችሁ ቁርባኑም በፕሮግራም ይያዝ። ለመቁረብ 18 ሰዓት ይጾማል። እሑድ ቅዳሴው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሚያልቅ ከሆነ፣ ቅዳሜ ከ9 ሰዓት በኋላ እህል ውኃ የለም ማለት ነው፤ ሙሉ የሌሊት ፈረቃ በባዶ ሆድ ሠርተህ ለመቁረብ አትሞክር። ከቆረቡ በኋላም ሩቅ መንገድና ከባድ ሥራ አይገባም፤ ስለዚህ ሙሉ የዕረፍት ቀን ያስፈልግሃል። እሑድ ካልተመቸህ በጾም ቀናት ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚሆን 9 ሰዓት ገደማ ያልቃል፤ ዋዜማውን እስከ ማታ 3 ሰዓት መብላት ይቻላል። ፍልሰታ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ በየዕለቱ ይቀደሳል። ለፈረቃ ሠራተኛ ከዚህ የተመቸ ወቅት የለም። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ እኔ ብሆን ቢያንስ ግማሹን ለፍልሰታ አስቀምጥ ነበር።

ወደ ባለቤትህ ልምጣ። በኦሪት ዘዳግም 24፥5 አዲስ ሚስት ያገባ ሰው አንድ ዓመት ወደ ጦርነት አይሂድ፣ ያገባትን ሚስቱን ደስ ያሰኛት ይላል። ይህ ለእስራኤል ዘማች የተሰጠ ነው፤ አንተን ከሥራ አይከለክልህም። ግን የመጀመሪያው ዓመት እንደሌሎቹ እንዳልሆነ ይነግርሃል። ቅዱስ ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 7፥5 ባልና ሚስት በስምምነት ለጊዜው ካልሆነ እንዳይለያዩ ያዝዛል። «በስምምነት» የሚለውን ልብ በል። «ፈርታለች» ብለህ ጻፍህልኝ እንጂ ምን እንደፈራች አልጻፍህም። ብቻዋን ማደሩ ነው? አደጋው ነው? ወይስ የድሬዳዋው ማደሪያ? ለሦስቱ መልሱ ሦስት ዓይነት ነው፤ ጠይቃት። ብቻዋን ማደሩ ከሆነ እህቷን ወይም እናቷን በማሳደር ይቀላል። ማደሪያው ከሆነ ግን ሐሳቧን በነገር አታቅልላት፤ የት እንደምታድር፣ ከማን ጋር እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደምትደውል ቁርጥ አድርገህ ንገራት።

ከመፈረምህ በፊት ውሉን ቁጭ ብለህ አንብበው፤ በሉቃስ 14 ግንብ የሚሠራው ሰው ኪሳራውን አስቀድሞ እንደሚያሰላው። የአንድ ወር የፈረቃ ፕሮግራም በወረቀት እንዲያሳዩህ ጠይቅ፤ «እንደ ሁኔታው ነው» ከተባልክ አሁን የሚሠራ አንድ አሽከርካሪ ያለፈውን ወር እንዲቆጥርልህ አድርግ። የዕረፍት ቀን መቀያየር ይፈቀድ እንደሆነ እወቅ። ትርፍ ሰዓት በሕጉ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ከሁሉ በላይ ከሥልጠናው በኋላ ስንት ዓመት የማገልገል ግዴታ እንዳለ፣ ብትወጣ ስንት እንደምትከፍልና ዋስህ ማን እንደሆነ ተመልከት። የሙከራ ጊዜ በሕጉ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በእሱ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ መውጣት ትችላለህ። የሥልጠና ዕዳ ካለ ግን በነፃ ወጣሁ ማለት አይደለም፤ ሰዎች የሚያለቅሱት እዚህ ላይ ነው። ደግሞም «ይቺን ዕቃ ለድሬዳዋ አድርስልኝ» የሚል አይጠፋም። መጥምቁ ዮሐንስ ቀራጮችንና ወታደሮችን ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም፤ ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ ነው ያላቸው።

ፍርዴን ከፈለግህ፣ ሥራው የተባረከ ሥራ ነው፤ ሚስትህ «እሺ» ካለች ያዘው። በኤሌክትሪክ ሙያህ አዳማ አካባቢ የጥገና ምድብ ካለ ግን ለመጀመሪያው ዓመት እሱን አስቀድመህ ጠይቅ። ያም ቢሆን ቀልድ የለውም፤ በላይኛው ሽቦ የሚያልፈው 25,000 ቮልት ነው፣ ኃይሉ ተቋርጦ ወደ መሬት ካልታሰረ አይቀረብም። በሌሊት የመጠራት ነገር እዚያም አለ፤ ቢሆንም ሠርቶ ማደሪያው ቤት ነው። ምልክት ወይም ሕልም ካልታየኝ አልወስንም እንዳትል። ሰባት ቀን ሁለታችሁም ጸልዩ፣ በስምንተኛው ቀን ወረቀቱን ይዛችሁ አንድ ላይ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ።

የሚካኤል ጽዋ ቀላል ነው። ወር በገባ 12 ፈረቃህ ላይ ከዋለ ባለቤትህ ትሄዳለች፤ ጽዋው የቤታችሁ ነው እንጂ የአንተ ብቻ አይደለም። የማውጣት ተራህ ሲደርስ ፕሮግራምህን አይተህ ከሌላ አባል ጋር ተለዋወጥ፤ የጽዋው መሪ ለሆነው ለሙሴው ከወር በፊት ንገረው፣ ጠላው ተጠንስሶ «ሥራ ገባሁ» አይባልም።