ሁለት የታወቁ ነገሮችን ማጣመር ፓተንት ያሰጣል?

ጥያቄ፦ የመስኖ ፓምፕን ከአፈር እርጥበት ዳሳሽ ጋር ላገናኘ መሣሪያ አሜሪካ ውስጥ ፓተንት ጠየቅሁ። መርማሪው ፓምፑን ከአንድ የቀድሞ ሰነድ፣ ዳሳሹን ከሌላ አምጥቶ «ማጣመሩ ለባለሙያ ግልጽ ነው» ብሎ ውድቅ አደረገብኝ። ከእኔ በፊት ግን ማንም አላጣመራቸውም። ምን ብዬ ልመልስ?

መልስ፦ «ማንም አላጣመራቸውም» ማለት አዲስነትን ያሳይልዎታል፤ ከዚህ ተቃውሞ ግን አያድንዎትም። የመርማሪው ጥያቄ ሌላ ነው፦ የሙያው ሰው ሁለቱን የሚያገናኝበት ምክንያት ነበረው ወይ? ውጤቱንስ አስቀድሞ ይገምት ነበር ወይ?

እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኬኤስአርና በቴሌፍሌክስ ኩባንያዎች ክርክር የመረመረው ቦታው የሚስተካከል የመኪና ፔዳል ነበር፤ በማይንቀሳቀስ መዞሪያው ላይ የኤሌክትሮኒክ ዳሳሽ ተገጥሞበታል። ፔዳሉም ዳሳሹም የታወቁ ናቸው። ሽቦው እንዳይፋቅ ዳሳሹ በማይንቀሳቀስ አካል ላይ ቢሆን ይሻላል የሚለውም አስቀድሞ ተጽፏል። ስለዚህ የይገባኛል ጥያቄው (ፓተንቱ የሚጠብቀው ምን እንደሆነ የሚወስነው አንቀጽ) ወደቀ። «አጣምሩ የሚል ሰነድ የለም» የሚለው መከራከሪያ ብቻውን ከዚያ ወዲህ ሩቅ አይወስድም።

እ.ኤ.አ. በ1966 በዚያው ፍርድ ቤት የታየው አዳምስ የተባለ ፈጣሪ ባትሪ ግን አሸንፏል። ባትሪው የተሠራባቸው ማግኒዥየምና ኩፕረስ ክሎራይድ ሁለቱም የታወቁ ነበሩ፤ ነገር ግን የጊዜው ዕውቀት ባለሙያውን ከዚህ መንገድ የሚያርቅ ነበር፤ ባትሪው እንደሚሠራ ሲነገራቸው ያላመኑ ባለሙያዎችም ነበሩ።

የእርስዎ ዳሳሽ ደረቅ አፈር ሲያገኝ ፓምፑን ከማስነሳት ሌላ ሥራ ከሌለው፣ እውነቱን ለመናገር፣ መርማሪው ትክክል ነው። ዳሳሹና ፓምፑ ተገናኝተው ለየብቻቸው የማይሰጡትን ነገር ከሰጡ ግን (ለምሳሌ የፓምፑ ግፊት መለዋወጥ የዳሳሹን ንባብ የሚያርም ከሆነ) ክርክርዎ እዚያ ላይ ነው። ይህን ግንኙነት በይገባኛል ጥያቄው ውስጥ በግልጽ ያስገቡት፤ በመግለጫው (ፈጠራውን በዝርዝር በሚያብራራው የማመልከቻው ክፍል) ብቻ የተጻፈ ጥቅም አያድንም። መጀመሪያ ባስገቡት ማመልከቻ ላይ ካልነበረ ደግሞ አሁን ሊጨምሩት አይችሉም፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

«ሰነድ 1 ዳሳሽ የለውም፣ ሰነድ 2 ፓምፕ የለውም» እያሉ በተናጠል አይከራከሩ፤ ተቃውሞው በጥምረቱ ላይ ነው። ይልቅ ሁለቱንም ሰነዶች ከዳር እስከ ዳር ያንብቡ፤ መርማሪው የጠቀሰው አንቀጽ ብቻ አይበቃም። አንደኛው «ፓምፑ ሳይቋረጥ መሥራት አለበት» የሚል ከሆነ፣ ማጣመሩ የመሣሪያውን ዓላማ ያፈርሳል ብለው መከራከር ይችላሉ። የሙከራ ውጤት ካለዎትም በተመሳሳይ አፈርና የውሃ መጠን ከቅርቡ የቀድሞ መሣሪያ ጋር አነጻጽረው በቃለ መሐላ ያቅርቡ።