ፎንት ለምትሠሩ፣ ሰሞኑን የመጡ ጥያቄዎች

የፎንት ጥያቄ ተከምሮብኛል፣ ዛሬ ጣና ላይ ንፋሱ አያስወጣም፣ እቤት ቁጭ ብዬ የቻልኩትን ልመልስ።

ከሽምብጥ፦ «ለመጽሔት ሰሪፍ (ፊደሉ ጫፍ ላይ ትንሽ ጠርዝ ያለው) ፎንት እየሠራሁ ነው፣ ለጽሑፉ የሠራሁትን ዝም ብዬ አተልቄ ለርዕስ ብጠቀመው ምን አለበት?»

ወንድሜ ትችላለህ፣ ግን ያስታውቅብሃል። በ10 ፖይንት (የፊደል መጠን መለኪያ ነው) እንዳይጠፋ ብለህ ያወፈርከው አግድም መስመር 60 ላይ ግንድ ነው የሚያክለው፣ ለንባብ ብለህ የተውከው ክፍተትም ጥርሱ የወለቀ አፍ ይመስላል። የርዕሱን ቀጭን ደሞ ወደ 9 አውርደህ ርካሽ ወረቀት ላይ ስታትመው የ«ሸ» ቆብ ይበላና «ሸማ» ያልከው «ሰማ» ሆኖ ቁጭ ይላል (ደርሶብኛል፣ ያውም ታትሞ ካለቀ በኋላ)። ስለዚህ ሁለቱን ጫፍ፣ የጽሑፉንና የርዕሱን፣ ለየብቻ ሣላቸው፣ የመሃሉን ሶፍትዌሩ ያወጣልሃል፣ ግን የፊደሉን ቅርጽ የሚይዙት የሁለቱም ነጥቦች በቁጥርም በቅደም ተከተልም አንድ ካልሆኑ ፊደሉ ተጨማዶ ነው የሚወጣው። 33 በ7 ብቻ 231 ነው፣ እነ ሏና ቷ፣ ከ፩ እስከ ፼ ያሉት 20 ቁጥሮች ሳይጨመሩ፣ እና ሁሉንም ሠርተህ ከመጸጸት መጀመሪያ ሀ፣ በ፣ መ፣ ቀ፣ ተን ብቻ በሁለቱም ሥራና አትመህ እያቸው።

ከቀበሌ 14፦ «የኛ ፊደል ሰሪፍ አለው እንዴ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። ሰሪፍ የሮማውያን የድንጋይ ጽሑፍ ላይ ያለ ነገር ነው፣ የኛ ቋሚው ወፍሮ አግድሙ የሚቀጥነው ግን ጫፉ ሰፋ ተደርጎ ከተቀረጸ መቃ ብርዕ የመጣ ነው። ዘጌ ተሻግረሽ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያሉትን ብራናዎች ለማየት ሞክሪ (ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፣ ትኬት እንዳታባክኚ)፣ ብርዑ ሲያርፍና ሲነሳ እግሩ ላይ የሚተወውን ጠርዝ ልብ ብለሽ እዪው። ሰሪፍሽ እሱ ነው። የላቲኑን እግር ቆርጦ በ«ለ» ላይ መለጠፍ ግን፣ እኔ በበኩሌ ላም ላይ ጫማ ማድረግ ነው የሚመስለኝ።

አንድ የማተሚያ ቤት ልጅ፦ «ኢታሊክ (ያጋደለ ፊደል) ልሥራ ወይ?»

አትሥራ። የብራና ጸሐፊዎች አንድን ስም ለይተው ማሳየት ሲፈልጉ በቀይ ቀለም ጻፉት እንጂ ፊደል አላጋደሉም፣ አንተም ጊዜህን ቦልዱ (ወፍራሙ ፊደል) ላይ አውለው፣ በተለይ የ«ጨ» እና የ«ጬ» ውስጥ እንዳይደፈን።