ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ልጆቼ፣

በግብረ ሰናይ ድርጅቶች ስሠራ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። አንዳንዶቻችሁ የፕሮጀክት ሐሳብ ይዛችሁ ቢሮዬ ስትመጡ ደስ ይለኛል። ታብሌት፣ አፕ፣ የኮምፒውተር ክፍል ትሉኛላችሁ። እኔም ሁሌ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ቁልፉ ማን ጋ ነው የሚቀመጠው?

ከዓመታት በፊት ለአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሃያ ኮምፒውተር ሰጠን። ባነር ተሰቀለ፣ ፎቶ ተነሣን፣ የርክክብ ሰነድ ተፈረመ። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በዓመቱ ስመለስ ክፍሉ ተቆልፏል። ቁልፉ ያለው ንብረት ክፍል ነው፤ ሠራተኛው ደግሞ ወረዳ ሄዷል። ከሰዓት መጥቶ ከፈተልን። ኮምፒውተሮቹ ዳንቴል ለብሰው ተደርድረዋል። የኪቦርዶቹ ላስቲክ እንኳ አልተቀደደም። አንዱ ቢሰበር ከደመወዙ የሚቆረጥበት እሱ ነው፤ ምን ያድርግ? ጥፋቱ የእኛ ነበር። ለዕቃው እንጂ ለመምህራን ሥልጠናና ለጥገና በጀት አልያዝንም። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። እነዚያ ልጆች ዓመቱን ሙሉ በመስኮት ሲያዩት ከርመዋል።

ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስን ተመልከቱ። ሳንፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲሠራ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ አጣ። አገሩ ተመልሶ በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ፣ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። ቀጥሎ ሐዋሳ ላይ መጻሕፍት በአህያ ጋሪ ተጭነው ልጆቹ ወዳሉበት ሄዱ። ለእኔ ያ ጋሪ ቴክኖሎጂ ነው። ቢሰበር የሚጠግነው ሰው እዚያው ሰፈር ይገኛል።

ዘመናዊውን ከፈለጋችሁ ደግሞ ዲጂታል ግሪን አለ። ህንድ የተጀመረ ድርጅት ነው፤ እኛም አገር ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ሠርቷል። ገበሬው ራሱ በቋንቋው ሲያስረዳ በቪዲዮ ይቀረጻል። የልማት ሠራተኛው በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ፕሮጀክተር ለጎረቤቶቹ ያሳያል፣ መሃል ላይ እያቆመ ያወያያል። ኋላም ያዩትን ማን እንደሠራበት ተከታትሎ ይመዘግባል። እኔ የምወደው ይህን የመጨረሻውን ነው። «ይህን ያህል ሰው ሠለጠነ» ብሎ ሪፖርት መጻፍማ ማንም ይችላል። ፕሮፖዛላችሁ ውስጥ «ታብሌት ይከፋፈላል» የሚለውን አጥፉትና ልጁ በዓመቱ ምን ማንበብ እንደሚችል ጻፉ። ገንዘብ የሚሰጣችሁ ዶነር ቅር ቢለው ተከራከሩት። እኔ በጊዜው አልተከራከርኩም።

እኔ ማስተማር የጀመርኩት በ1971 ዓ.ም. በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው የመንግሥት ነበር፤ እየሰፋ ሲሄድ በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል። የእኛ መሣሪያ ጠመኔ፣ ጥቁር ሰሌዳና ኩራዝ ነበር። ከተማሪዎቼ አንዷ ባላቸው የሞቱባቸው እናት ናቸው። እርሳስ ሲይዙ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ስማቸውን የጻፉ ዕለት ወረቀቱን አጣጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት። በሳምንቱ የግብር ደረሰኝ ይዘው መጡ። ከዚያ ወረቀት ጋር አጠገብ ለአጠገብ ዘረጉትና ፊደል በፊደል በጣታቸው እየነኩ አስተያዩ። ደረሰኙ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል። ያገኙት ራሳቸው ናቸው።