የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለቤት የሚሆነው የፑል ጠረጴዛ መጠን

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ ስለ አንድ ጉዳይ፣ ይኸውም ቤት ውስጥ ስለሚተከል የፑል ጠረጴዛ መጠን የሚጠይቁ በመሆናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። የስሌቱ መነሻ የተብራራው በመጀመሪያው መልስ ውስጥ ስለሆነ የሌሎቹ ጥያቄዎች ባለቤቶችም ከእርሱ ቢጀምሩ ይሻላል።

ጥያቄ፦ አያት አካባቢ በሠራሁት ባለ አንድ ፎቅ ቤት ላይኛው ክፍል ውስጥ ርዝመቱ 4 ሜትር ከ50፣ ወርዱ 3 ሜትር ከ80 የሆነ ባዶ ክፍል አለኝ። ለራሴና ለልጆቼ መዝናኛ የፑል ጠረጴዛ ልገዛ ስጠይቅ፣ ሻጩ የባለ 8 ጫማው የውጭ ልክ 2 ሜትር ከ50 በ1 ሜትር ከ40 ስለሆነ ክፍሉ ውስጥ እንደ ልብ ይገባል አለኝ። ወንድሜ ደግሞ በጭራሽ አይሆንም ይላል። የማንን ልስማ? ፎቁስ ክብደቱን ይችላል ወይ? (አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድምዎን ይስሙ። ሻጩ የነገረዎት ልክ ሐሰት አይደለም፤ ጠረጴዛው በእርግጥ ይገባል፤ ነገር ግን ከገባ በኋላ የሚጫወትበት ሰው መቆሚያ ያጣል። በፑል ጨዋታ ዋናውን ቦታ የሚወስደው ከጠረጴዛው ይልቅ የመምቻው ዱላ ነው። የተለመደው የአዋቂ ዱላ 147 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ነጯ ኳስ ከጎማው (ኳሱ ነጥሮ ከሚመለስበት የጠረጴዛው ውስጠኛ ጠርዝ) ጋር ተጣብቃ ስትቆምና ቀጥታ ወደ ፊት መምታት ሲያስፈልግዎ፣ የዱላው ጫፍ የሚያርፈው ልክ ጎማው አፍ ላይ ስለሚሆን፣ የቀረው ርዝመት በሙሉ ከጎማው ጀርባ እስከ ግድግዳው ድረስ ባለው ባዶ ቦታ ውስጥ ማለቅ አለበት። ስለዚህ ለስሌቱ የሚፈለገው ልክ ከጎማ እስከ ጎማ ያለው የመጫወቻው ሜዳ ነው፤ ሻጮች ብዙውን ጊዜ የሚጠሩት የውጭ ልክ የሚጠቅመው በርና ደረጃ ማለፉን ለማወቅ ነው። በሜዳው ርዝመት ላይ የሁለት ዱላ ርዝመት፣ በወርዱም ላይ እንዲሁ የሁለት ዱላ ርዝመት ሲደመር የክፍሉ ልክ ይገኛል።

የሜዳው ልክ በባለ 7 ጫማው 198 በ99 ሴንቲ ሜትር፣ በባለ 8 ጫማው 224 በ112፣ በባለ 9 ጫማው 254 በ127 ነው፤ በተለይ በትንሹ ላይ ከአምራች አምራች ጥቂት ሴንቲ ሜትር ልዩነት አለ። በዚህ መሠረት በሙሉ ዱላ ለመጫወት ባለ 7 ጫማው 4 ሜትር ከ92 በ3 ሜትር ከ93፣ ባለ 8 ጫማው 5 ሜትር ከ18 በ4 ሜትር ከ6 ሴንቲ ሜትር፣ ባለ 9 ጫማው ደግሞ 5 ሜትር ከ48 በ4 ሜትር ከ21 የሆነ ክፍል ይፈልጋሉ። በሻጮች ዘንድ የሚገኙት ሰንጠረዦች ከእነዚህ ቁጥሮች እምብዛም አይርቁም፤ ነገር ግን አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ሰው ኳስ ሲመታ ዱላውን መጀመሪያ ወደ ኋላ ይስባል፤ ለዚያ ስበት በየጎኑ ሌላ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ካልተተወ የዱላው ቂጥ ግድግዳውን እየነካ፣ ቀለሙንም እየላጠ ይኖራል።

አሁን ወደ እርስዎ ክፍል እንምጣ። ባለ 8 ጫማው መሐል ላይ ቢተከል በሁለቱ ዳርቻዎች (በአጫጭሮቹ ጠርዞች) በኩል የሚቀረው 113 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ገበያ ላይ ያለው 122 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው አጭር ዱላ እንኳ እዚያ አይበቃም። ባለ 7 ጫማው ግን በዳርቻዎቹ በኩል 126፣ በጎኖቹ በኩል 140 ሴንቲ ሜትር ያስተርፍልዎታል። ይህም ማለት በጎን በኩል 132 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ዱላ፣ በዳርቻ በኩል ደግሞ በ122ቱ መጫወት ይቻላል ማለት ነው፤ ጠበብ ያለ ቢሆንም ይሆናል። ልጆችዎ ትንንሽ ከሆኑ አጭሩ ዱላ እንዲያውም ለቁመታቸው የሚመጥን ነው። አዋቂ ግን በአጭር ዱላ አዘውትሮ ሲጫወት እጁ ያንን ይለምድና ሌላ ቦታ ሄዶ ሙሉ ዱላ ሲይዝ ይቸገራል፤ ስለዚህ ሁለት ሙሉ ዱላ ከሁለት አጭር ጋር ገዝተው፣ አጭሩን ግድግዳ በሚከለክልዎት ጊዜ ብቻ ቢያነሡት እመርጣለሁ።

ብዙ ሰው ለመክፈቻው ምት ሰፊ ቦታ ያስፈልጋል ብሎ ጠረጴዛውን ወደ አንዱ ዳርቻ ይገፋዋል። ይህ አያስፈልግም። በመክፈቻው ምት ነጯን ኳስ ከዳርቻው ጎማ የሜዳውን ርዝመት አንድ አራተኛ ያህል፣ በባለ 7 ጫማው 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ወደ ውስጥ አስገብቶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ያን ያህል የዱላው ርዝመት ጠረጴዛው ላይ ስለሚቀር በእርስዎ ክፍል ውስጥ ከበቂ በላይ ይተርፋል። ችግር የሚፈጥሩት ጎማ ላይ የተጣበቁ ኳሶች ናቸው፤ እነርሱ ደግሞ የትኛው ዳርቻ ላይ እንደሚቆሙ አስቀድሞ አይታወቅምና መሐል ላይ መትከሉ ይበልጣል።

የክፍሉን ልክ ሲወስዱ ሜትሩን ከግድግዳ ግድግዳ ብቻ አይዘርጉት። ቡፌ ወይም ቁም ሣጥን ካለ ልኩ የሚጀምረው ከቡፌው ፊት ነው፤ የወፈረ መጋረጃም ዱላ ይይዛል። በአንጻሩ ከጠረጴዛው ከፍታ በታች ያለ ነገር፣ ለምሳሌ ዝቅ ያለ ሶፋ ወይም ዱካ፣ ዱላው በላዩ ስለሚያልፍ ቦታ አይቀንስም፤ የመጫወቻው ወለል ከመሬት ከ74 እስከ 79 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ከመግዛትዎ በፊት የሜዳውን አራት ማዕዘን በጠመኔ ወለሉ ላይ ይሥሩት፤ ከዚያም 147 ሴንቲ ሜትር ላይ የተቆረጠ የመጥረጊያ እንጨት ይዘው፣ በወገብ ከፍታ ደገፍ ብለው፣ በአራቱም በኩል ወደ ኋላ እየሳቡ ይሞክሩት። ክርንዎ ወይም እንጨቱ ግድግዳ የነካበትን ቦታ ምልክት ያድርጉ። የዚህ ሙከራ ውጤት ከማንኛውም ሰንጠረዥ የበለጠ ይታመናል።

ክብደቱን በተመለከተ፣ የመጫወቻው ወለል ድንጋይ የሆነ ባለ 8 ጫማ ጠረጴዛ ከ350 እስከ 450 ኪሎ ይደርሳል፤ ባለ 7 ጫማው ከዚያ ቀለል ይላል። ቁጥሩ ያስፈራል እንጂ ጠረጴዛው ባረፈበት ስፋት ላይ ሲካፈል በካሬ ሜትር ከ100 ኪሎ ጥቂት ይበልጣል፤ በአግባቡ የተሠራ የኮንክሪት ፎቅ ይህን ሊከብደው አይገባም። ወለሉ ጣውላ ከሆነ ግን መሐንዲስ ይይልዎት። ሸክሙ በእግሮቹ ሥር ስለሚሰበሰብ ሴራሚኩ እንዳይሰነጠቅ ከየእግሩ ሥር ወፍራም ጣውላ ያስገቡ፤ ከዚያም በውኃ ልክ በርዝመትም በወርድም ያስተካክሉ። አንዳንዶች ክፍል ሲጠብባቸው ጋራዥ ወይም በረንዳ ላይ ይተክላሉ፤ የእነዚህ ወለል ውኃ እንዲወርድ ተብሎ ዘንበል ተደርጎ እንደሚሠራ አይርሱ፤ በክረምት ደግሞ እርጥበቱ ጨርቁን ያከብደዋል፤ ወለሉ ድንጋይ ያልሆነ ጠረጴዛ ከሆነማ ያጣምመዋል።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለው ቤታችን ቤዝመንት ለጨዋታ የለየነው ቦታ 18 በ13 ጫማ ነው፤ ጣሪያው 7 ጫማ ነው። ከአንደኛው ረጅም ግድግዳ 2 ጫማ፣ ከአጭሩ ግድግዳ ደግሞ 5 ጫማ ገባ ብሎ የብረት ምሰሶ ቆሟል። ባለቤቴ ባለ 8 ጫማ ይሁን ትላለች፤ እኔ ግን በሳምንት አንድ ቀን ባር ውስጥ በሚደረግ የፑል ሊግ ስለምጫወት መለማመጃ ነው የምፈልገው። (አንድ አንባቢ፣ ከአሜሪካ)

መልስ፦ አሜሪካ ውስጥ ለመኖሪያ ቤት በብዛት የሚገዛው ባለ 8 ጫማው ስለሆነ የባለቤትዎ ሐሳብ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ በርዝመት በኩልም ክፍላችሁ 17 ጫማ ለሚፈልገው ለዚህ ጠረጴዛ ይበቃል። የሚያንሰው ወርዱ ነው፤ ባለ 8 ጫማው በሙሉ ዱላ 13 ጫማ ከ4 ኢንች ሲፈልግ እናንተ ያላችሁ 13 ነው። ባለ 7 ጫማው ግን በ12 ጫማ ከ11 ኢንች ይበቃዋል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም በሁለቱም ረጃጅም ጎኖች ላይ በየጨዋታው የሚያጋጥም ነው፤ በተጨማሪም በአሜሪካ ባሮች ውስጥ ያሉት ጠረጴዛዎች በአብዛኛው ባለ 7 ጫማ ስለሆኑ ልምምድዎ ሊግ ከሚጫወቱበት ልክ ጋር ይገጥማል። ምርጫዬ ባለ 7 ጫማው ነው። በባለ 7 ጫማውም ቢሆን ለዱላው ስበት በጎን በኩል የሚተርፈው ከቁጥር የማይገባ ስለሆነ፣ 132 ሴንቲ ሜትር (52 ኢንች) የሚሆን አንድ ዱላ ተጨማሪ ይኑርዎት።

ምሰሶው ያን ያህል አያስጨንቅዎት። በርዝመት በኩል 57 ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ስላላችሁ፣ ጠረጴዛውን ከመሐል 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከምሰሶው አርቃችሁ ወደ ሌላው አጭር ግድግዳ ብታስጠጉት ምሰሶው ከጠረጴዛው ማዕዘን አልፎ ይቀራል። ማዕዘኑ ላይ ጎማ ሳይሆን ቀዳዳ ስላለ ከዚያ አቅጣጫ የሚመቱ ኳሶች ጥቂት ናቸው፤ ያጋጠሙ ጊዜ አጭሩን ዱላ ያነሣሉ።

ከመክፈልዎ በፊት የሚጠይቁት ሌላ ነገር ድንጋዩ ስንት ቁራጭ እንደሆነ ነው። ለቤት የሚሠሩት በአብዛኛው ሦስት ቁራጭ ስለሆኑ ሁለት ብርቱ ሰዎች በደረጃ ያወርዷቸዋል፤ ሳንቲም እየበላ በሚሠራው የባር ጠረጴዛ ውስጥ ያለው ግን አንድ ወጥ ድንጋይ ስለሆነ፣ ደረጃችሁ ጥምዝ ካለው መታጠፊያው ላይ ይቀራል። ያገለገለ ጠረጴዛ በነፃ የሚሰጥ ሰው ቢያገኙም ማፍረሻው፣ ማጓጓዣው፣ መትከያውና አዲሱ ጨርቅ በገንዘብ የሚከፈልባቸው ናቸው። መብራቱን ደግሞ የጠረጴዛውን ርዝመት የሚሸፍን ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ጣሪያው ላይ ለጥፉት፤ መሐል ላይ የተንጠለጠለች አንዲት አምፖል ማዕዘኖቹን ታጨልማቸዋለች።  

ጥያቄ፦ የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሳሎናችን 4 ሜትር በ3 ሜትር ከ20 ነው። ክዳን ሲደረግበት የምግብ ጠረጴዛ የሚሆን ባለ 7 ጫማ ፑል አይተን ወደድነው። ይሆነን ይሆን? (አንዲት አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይሆንም። በዳርቻ በኩል 101፣ በጎን በኩል 110 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚቀር አጭር የተባለው ዱላ እንኳ አይንቀሳቀስም፤ ቀሪው ምርጫ 91 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው የሕፃን ዱላ ነው፤ አዋቂ በእርሱ ከአንድ ሳምንት በላይ ሲጫወት አላየሁም። በዚያ ላይ የጎማው ጠርዝና ክዳኑ ሲጨመሩ ጠረጴዛው ከተለመደው የምግብ ጠረጴዛ ከፍ ስለሚል ያሉዎት ወንበሮች ያንሱበታል፤ ኳስ ከጠረጴዛ ላይ ወለል በመታ ቁጥር ደግሞ ከሥር ያሉት ጎረቤቶች ይሰማሉ። ቤተሰቡ ጨዋታ ከፈለገ ጆተኒ ይሻላችኋል፤ ዱላ ወደ ኋላ የሚስብ ሰው ስለሌለ፣ ሶፋውን ጠጋ አድርጋችሁ ሳሎኑ አንድ ጥግ ላይ ልታስቀምጡት ትችላላችሁ። ለፑሉ ቀብድ ከፍላችሁ ከሆነ ዕቃው ከመጋዘን ሳይወጣ ሻጩን አነጋግሩ፤ ድንጋዩ አንዴ ሦስተኛ ፎቅ ከወጣ ማውረጃውም ለብቻው ይከፈልበታል።